በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ኮት

ጥቅምት 9

ይድረስ ለትንሹ፣

ሰላምታ የለም። «ጤናሽ እንዴት ነው፣ ሥራስ እንዴት ይዞሻል፣ የቲያትሬን ወሬስ ሰማሽ ወይ?» ብለህ ጽፈሃል። ጤናዬ እስከ ማክሰኞ ድረስ ደህና ነበር። ሥራዬም ደህና ነበር። የቲያትርህን ወሬ ግን ሰምቻለሁ፣ ያውም ከነትወናው።

ጎረቤቴ ፀጉር ሠሪዋ ልጇን ልትጠይቅ እናንተ ከተማ ከርማ መጣች። ሻንጣዋን እንኳ ቤቷ ሳታደርስ ሱቄ ገብታ «ኧረ የሳቅኩት ሳቅ! አንዲት ባሏ የሞተባት ልብስ ሰፊ አለችላችሁ...» ብላ ጀመረች። ደንበኞቼ ባሉበት፣ ቀሚሷን ልትወስድ የመጣች ሙሽራ ባለችበት! ልብስ ሰፊዋን አንድ አጭር ሰውዬ ይወዳታል አለች። ኮት ትሰፋለታለች። ሲለብሰው እጅጌው ጣቶቹን አልፎ ይንጠለጠላል፣ ትከሻው ወደ ክንዱ ይወርዳል፤ ለካስ የቆረጠችው በሟች ባሏ ልክ ነው። ፀጉር ሠሪዋ የራሴን ካፖርት ከመስቀያው አውርዳ ለበሰችና እጅጌውን እያወናጨፈች አሳየችን። ሙሽራዋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ? ብኮሳተር ያውቁብኝ ነበር።

አንተ ልጅ፣ ያን የኮት ነገር እኮ በደብዳቤ የጻፍኩት ላንተ ብቻ ነው! እኔ የሴት ልብስ ሰፊ ነኝ። በዕድሜዬ የወንድ ኮት የቆረጥኩት ለወንድምህ፣ ለባሌ ብቻ ነው። ከፊት ለፊቴ ሱቅ ያለው ሰዓት ሠሪ ኮቱ አልቆ ብርድ ሲመታው አንጀቴን በላኝ፣ ልሰፋለት አሰብኩ። ሜትር ይዤ ደረቱን መዞር ግን አፈርኩ። በዓይኔ ገመትኩት ብዬ ቆረጥኩ። ለብሶት ፊቴ ሲቆም የወንድምህ ትከሻ ባዶውን እሱ ላይ ተቀምጦ አየሁት። እሱ አመስግኖኝ ወጣ፤ እኔ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። የዚያን ትከሻ ልክ ከኔ ሌላ የምታውቀው አንተ ነህ ብዬ ጻፍኩልህ። አንተ ደግሞ መድረክ ላይ አወጣኸው።

ያቺን ትዕይንት ከቲያትሩ አውጣት። ባሌ ከሞተ ወዲህ ዘመዴ የምለው አንተን ብቻ ነው፤ ካላወጣሃት ግን እሱም ይቅርብኝ።

ልብስ ሰፊዋ


ጥቅምት 21

ውድ እትዬ፣

ስምሽን በሥራሽ ቀይረሽ ስትፈርሚ ሳይ ሆዴ ባባ። ተራ ደንበኛሽ የሆንኩ ይመስል «ልብስ ሰፊዋ» ትይኛለሽ? ከወንድሜ ጋር ስትጋቡ እናንተ ቤት ገብቼ፣ በየዓመቱ ሱሪዬን እያስረዘምሽልኝ ያደግኩ ልጅ መሆኔን ረሳሽው?

ተረጋግተሽ ስሚኝ። መጀመሪያ ነገር ስምሽ አልተጠራም። ከተማሽም አልተጠራም። ሴትዮዋ መነጽር አድርጋለች፣ አንቺ አታደርጊም። ሁለተኛ ነገር፣ ቲያትሩ የሚያላግጥ አይደለም። የትዳር ጓደኛው የሞተበት ሰው እንደገና መውደድ ይችላል የሚል ነው። ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች ካለቀ በኋላ ከመጋረጃው ጀርባ መጥተው እጄን ይይዙኛል። አንዷ «ስምንት ዓመት ሙሉ ያልሳቅኩትን ሳቅኩ» አለችኝ። ይህ ምኑ ነው ክፋቱ? ሰው የሚስቀው ስለሚወዳት ነው።

ስለ ሰዓት ሠሪው ደግሞ አንቺው ራስሽ «ምኔም አይደለም፣ ጎረቤቴ ነው» ብለሽ ነው የጻፍሽልኝ። ምንሽም ካልሆነ ምን አንገበገበሽ?

ሌላ የምነግርሽ ነገር ነበረኝ፣ ከሰው ከምትሰሚው ብዬ ነው። ቲያትር ቤቱ ኅዳር ላይ ቲያትሩን ይዞ በየከተማው ሊዞር ነው። የናንተም የማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ተይዟል። እኔ አልመረጥኩም፣ አዘጋጁ ነው የመረጠው። ገና ማስታወቂያ ስላልተለጠፈ እስከዚያ ትረጋጊያለሽ ብዬ አምናለሁ።

ያንቺው ትንሹ


ጥቅምት 29

ትንሹ፣

«ገና ማስታወቂያ ስላልተለጠፈ» ያልከው ማስታወቂያ የሱቄ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ሙጫው ሳይደርቅ ደረስኩ። አንድ ድንክ ሰውዬ በትልቅ ኮት ውስጥ ሰጥሞ ጥርሱን ያሳያል። ልገነጥለው ስል ለጣፊው «እናት፣ የማዘጋጃ ቤት ነው፣ ያስቀጣሻል» አለኝ። ጠዋት ማታ በሬን ስከፍትና ስዘጋ ያ ሰውዬ ይስቅብኛል።

መነጽር አደረገች አልከኝ። እሰይ! መነጽር ስላደረገች እኔ አይደለሁማ! ትከሻው፣ እጅጌው፣ የመቁረጫ ጠረጴዛው፣ ለቅሶው ሁሉ የኔ ሆኖ መነጽሩ ብቻ ያንተ ነው። ለቅሶው ላይም ይስቃሉ አለችኝ ፀጉር ሠሪዋ። ጠረጴዛው ላይ ስትደፋ መቀሱ እንዲወጋትና እንድትዘል አድርገሃል አሉ። እኔን መቀስ አልወጋኝም። ምን ወጋሽ ብለህ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?

«ምንሽም ካልሆነ ምን አንገበገበሽ» ላልከው ይኸው መልሱ፤ ሳትጠይቀኝ ብትቀር ይሻልህ ነበር። ምኔ እንደሆነ ያኔ አላውቅም ነበር። አሁን አውቃለሁ። ሱቁን ሲዘጋ የኔን በር ሳያይ አይሄድም። እኔም የእሱ መብራት ሳይጠፋ አልዘጋም። ይኸው ነው፣ ከዚህ ሌላ የተነገረ ነገር የለም፣ ግን ከዚህ ወዲያ ዕድሜዬ የቀረው ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። ኮቱን ለክት አድርጎ እሑድ እሑድ ይለብሰዋል። እጅጌውን በሥርዓት ወደ ውስጥ አጥፎ በመርፌ ይዞታል፣ በገዛ እጁ፣ እኔን ላለማሳፈር። አንዴ «ሰፋ ሲል ያሞቃል» አለኝ። በማን ልክ እንደተሰፋ አያውቅም። በአዳራሽ ሙሉ ሰው ሳቅ መሃል ሲያውቀው ምን ይለኛል? የሞተ ሰው መስቀያ አደረገችኝ አይልም? እኔ ብሆን እላለሁ።

ደግሞ ልብ በል፣ ሁለት ትኬት ቆርጦ መጥቷል! «ዋርሳሽ የጻፈውን ቲያትር ሳላይ እንዴት እቀራለሁ? ዘመድሽ ነው፣ ያስቀይመዋል» አለኝ። ራሴን ያመኛል አልኩት። «እንግዲያው አጠገብሽ ተቀምጬ አስታምምሻለሁ» አለ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅህ፣ እውነቱን መልስልኝ። ያ ሰውዬ ለምን ቂል ሆነ? ለምን የሟችን ወንበር ተሽቀዳድሞ ይቀመጣል፣ በሟች ሲኒ ካልጠጣሁ ይላል? የኔ ጎረቤት ወንበር ሳይጋበዝ ተቀምጦ አያውቅም። ይሄንን ከኔ ደብዳቤ አላገኘኸውም። ከየት አመጣኸው?

ትዕይንቷን አውጣት።


ኅዳር 7

እትዬ፣

እውነቱን መልስልኝ ብለሻል። እንግዲያው ሳትቆጪ አንብቢው፤ ከተቆጣሽም ተቆጪ፣ እኔም ተቆጥቻለሁ።

ያን ደብዳቤሽን ሳነብ ደሜ ፈላ። የወንድሜን ኮት ለሌላ ሰው ሰፋሽ! እጄ ነው የተሳሳተው አልሽ። እጅሽ እንጂ አንቺ አልተሳሳትሽም፣ እሺ። እኔ ግን ያነበብኩት ከወንድሜ የቀረችው ልክ እንኳ ተላልፋ መሰጠቷን ነው። እሱ በሞተ ጊዜ ወንበር የተሰጠሽ አንቺ ነሽ። ሰው ሁሉ እጅሽን ያዘ፣ «አይዞሽ» ተባልሽ። እኔን በር ላይ አቁመው ጫማ እንዳስተካክል፣ እንግዳ እንዳስገባ አደረጉኝ። «አንተስ እንዴት ነህ?» ያለኝ ሰው አልነበረም። አባት የለኝም፣ አባቴ እሱ ነበር። ሐዘኔን ማን ጋ ላድርሰው? መድረክ አለኝና መድረክ ላይ አደረግኩት።

ሰውዬውን ቂል ያደረግኩት ብልህ ላደርገው ስላልቻልኩ ነው። በወንድሜ ወንበር የሚቀመጠውን ሰው ወድጄ እንድጽፈው ትፈልጊያለሽ? ስጽፈው ሳቅኩበት፣ ስስቅበት ቀለለኝ። አሁን ሕዝቡ ሁሉ አብሮኝ ይስቅበታል።

ትዕይንቷን ላወጣት አልችልም። አዘጋጁን ጠይቄዋለሁ፣ ይሄን አልደብቅሽም፤ «እሷ ከወጣች ቲያትር የለህም» አለኝ። ብችልም አላወጣትም ነበር። ይኸው ተናገርኩት።

ትንሹ


ኅዳር 12

ደብዳቤህ ደረሰኝ።

ወንድምህ ያንተ ብቻ አልነበረም። ስታለቅስ ግን ሄጄ አላየሁህም፤ ያ ጥፋት ከሆነ በሰውየው ሳይሆን በኔ ላይ ነው የሚጻፈው። እኔን ቂል አድርገህ ብትጽፈኝ ባልከፋኝ። እኔን ሰደብክ ብዬ ሳይሆን፣ በማያውቅህ፣ ክፉ ባላደረገብህ፣ «ያስቀይመዋል» ብሎ ላንተ በሚጨነቅ ሰው ላይ ሐዘንህን ስለተወጣህ ነው ያረርኩት። እሱን ማየት ካልቻልክ ለምን ዓይንህን አትጨፍንም? ሺህ ሰው ጠርተህ «እዩት» ትላለህ?

ልነግረው ደጋግሜ አፌን ከፍቻለሁ። «ያ ኮት» እላለሁ። «እጅግ ጥሩ ኮት ነው» ይለኛል። ወደ መርፌዬ እመለሳለሁ።

እሄዳለሁ። አጠገቡ እቀመጣለሁ። ብቻውን አይሳቅበትም። አንተ ግን እንዳትመጣ፤ ዓይንህን ማየት አልፈልግም።


ኅዳር 25

እትዬ፣

አትምጣ ብትዪኝም መጥቻለሁ። ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። ይሄን ደብዳቤ ከዚህ ከእንግዳ ማረፊያ ሆኜ ነው የምጽፈው፣ በሁለት መንገድ ርቀት ላይ። በርሽ ድረስ መጥቼ ማንኳኳት አቃተኝ።

ለምን ያን ኮት ለብሶ መጣ? ለምን አልነገርሽኝም? ምን ልትነግሪኝ ትችያለሽ፣ አንቺም በሩ ላይ ነው ያየሽው መሰለኝ፣ ፊትሽ ሲለወጥ ከዚያ ሆኜ አይቼዋለሁ። ለኔ ብሎ ነው አይደል? የዋርሳዋ ቲያትር ነው ብሎ ያለውን ጥሩ ልብስ ለበሰ። ፀጉሩን ተላጭቶ፣ ጫማውን አስጠርጎ።

የኮቱ ትዕይንት ሲደርስ ሳቁ እንደ ወትሮው ተነሳ። ከዚያ አንድ ሰው ዘወር ብሎ አየው። ከዚያ ረድፉ ሁሉ ዞረ። ተዋናዩን ትተው እሱን እያዩ ሳቁ። ፀጉር ሠሪዋ እጇን አፏ ላይ ጭና አየኋት፣ እሷ እንኳ አልሳቀችም። መጋረጃ ጎታቹን «ዝጋው!» አልኩት። «ትዕዛዝ የምቀበለው ከአዘጋጁ ነው» አለኝ። እትዬ፣ ስንት ጊዜ ያንን ሳቅ ቆሜ በደስታ ሰምቼዋለሁ! ትናንት ማታ ግን ጆሮዬን በእጄ ደፈንኩ።

አንቺ ስትነሺ፣ እሱ እጅሽን ይዞ ሲያስቀምጥሽ አየሁ። ምን አለሽ? ካለቀ በኋላስ? ጠዋት በሱቁ በኩል አለፍኩ፣ ዝግ ነው። በናትሽ አንድ ቃል ጻፊልኝ።


ታኅሣሥ 10

ትንሹ፣

አንድ ቃል አልከኝ። እስካሁን የሚጻፍ ቃል አልነበረኝም።

ያን ቀን የተነሳሁት መድረኩ ላይ ወጥቼ ያን ተዋናይ ኮቱን ላስወልቀው ነበር። ጨርቄን ጥዬ ላብድ ትንሽ ነበር የቀረኝ። እሱ እጄን ያዘና «ቁጭ በይ፣ ገና አላለቀም» አለኝ። እስከ መጨረሻው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ አየ። ሲያልቅ አጨበጨበ። ቤቴ በር ድረስ አደረሰኝ። «ደህና እደሪ» ብሎኝ ሄደ፣ በማግስቱ ሱቁን አልከፈተም፣ በሳልስቱም፣ ከዚያም ወዲያ።

መጀመሪያ ባንተ ነደድኩ። ቀጥሎ በሕዝቡ። ከዚያ ደግሞ በእሱ! ሰው ቅሬታ ካለው አይናገርም? እኔ ምን በድዬው ነው በሩን የሚዘጋብኝ? ኮት መስፋት ወንጀል ሆነ? እንዲህ እያልኩ የደንበኛ ቀሚስ አቃጠልኩ፣ በካውያ።

ትናንት መጣ። ኮቱን ለብሷል። እጅጌው ተፈቷል፣ ጣቶቹን አልፎ ተንጠልጥሏል፣ ልክ እንደዚያ ተዋናይ። ሳይቀመጥ ጠየቀኝ።

«ለምን ለኔ አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርህ? የሟች ባሌን ልክ አለበስኩህ ልበልህ?»

«አዎ። እንደሱ በይኝ።»

«ትቀየማለህ ብዬ!»

«የምቀየመውማ ለዋርሳሽ ጽፈሽ ለኔ ዝም ስላልሽ ነው። አዳራሽ ሙሉ ሰው ከኔ ቀድሞ አወቀ። እኔ በየቀኑ ፊት ለፊትሽ ያለሁ ሰው መጨረሻ ላይ ሰማሁ። ሰው ስለሳቀ አይደለም እኮ። ሰው ይስቃል። እኔም ሳቄ መጥቶ ነበር፣ አንቺን አይቼ ዋጥኩት።»

እኔም ጮህኩበት። የሳቅ መጫወቻ ሆነህ እኔ ለክብርህ ስሞት አንተ ሳቅህን ትውጣለህ ወይ አልኩት። እሱም ጮኸ። ለካ መጮህ ይችላል። በመጨረሻ ድምፃችን ሲያልቅ «ሚስቴ በሞተች በዓመቱ ለሌላ ሴት አምባር ሠርቼ ልሰጣት ስል የሚስቴ እጅ ልክ ሆኖ አገኘሁት፤ ሳልሰጣት ቀረሁ። አንቺ ግን ሰጠሽኝ» አለ። ከዚያ «ላገባሽ እፈልጋለሁ» አለ፣ በዚያው ቁጣ ውስጥ ሆኖ፣ በግንባሩ ላይ ደም ሥሩ እንደተገተረ።

እሺ አልኩት። እኔም ሳልበርድ።

«ከማን ልጠይቅሽ?» አለ። ማንም የለኝም፣ አንድ ዋርሳ ብቻ ነው፣ ከእሱም ተጣልተናል አልኩት። «እንግዲያው ከእሱ ነው የምጠይቅሽ» ብሎ ሙጭጭ አለ። ስለዚህ ቅዳሜ ወደ አንተ ይመጣል። አስብበት፤ ፈቃድህን የሚፈልገው እሱ ነው እንጂ እኔማ ወስኛለሁ። ብታስቀይመው፣ በአንድ ቃል እንኳ ብታስቀይመው፣ የሚመጣው መልስ በፖስታ አይሆንም፣ እኔ ራሴ እመጣለሁ።


ታኅሣሥ 20

እትዬ፣

ሰውዬው መጣ።

በሩን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት ኮቱን ነው። ትከሻውን። በሩን እንደያዝኩ ቆምኩ። እሱም ገብቶት ኖሮ «ላውልቀው ወይስ ይቆይ?» አለኝ። ይቆይ አልኩት።

ወንበር ሰጠሁት። እስክለምነው ድረስ አልተቀመጠም፤ ያልሽው እውነት ነው። ሻይ አፍልቼ ስሰጠው መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ጋብቻው አልነበረም። «ወንድምህ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» አለኝ። ከሞተ ወዲህ ይሄን የጠየቀኝ ሰው የለም። ነገርኩት። አውቶቡስ ሲነዳ ለየፌርማታው ስም እያወጣ ሰው ያስቅ እንደነበር፣ እኔን ለመጀመሪያ ጊዜ ቲያትር ቤት ወስዶኝ በመጀመሪያው ትዕይንት እንቅልፍ ወስዶት እንዳንኮራፋ። ስቆ አነባ፣ እኔም። ሻዩ ቀዘቀዘ።

ከዚያ ተነስቶ ኮቱን ቆለፈና ሥርዓት ባለው አነጋገር ጠየቀኝ። አፈርኩ። «የምሰጣት እኔ አይደለሁም፣ ያሳደገችኝ እሷ ነች፣ ከወሰድካት እኔንም አብረህ ነው የምትወስደው» አልኩት። «አውቃለሁ፣ ነግራኛለች» አለኝ። «ምን ብላ?» አልኩት። «ቁጡ ነው፣ ካልተናገሩት አይናገርም፣ ሲበላ ግን ይረሳዋል ብላ።»

ሰው እንዲህ ሲሆን እንዴት ቂል አደረግኩት? አዘጋጁን ተጣልቼዋለሁ። ትዕይንቷ አልወጣችም፣ ግን ሰውዬው ከአሁን በኋላ ቂል አይደለም፤ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሲጋብዙት ነው። ተዋናዩ ሳቅ ቀነሰብኝ ብሎ አኩርፏል። ያኩርፍ።

ያንቺው ትንሹ


ታኅሣሥ 27

ትንሹ፣

ሁለታችሁም አሳፈራችሁኝ! ሊጠይቀኝ የሄደ ሰው ከዋርሳዬ ጋር ቲያትር ቤት አምሽቶ፣ «ያች ሦስተኛዋ ትዕይንት ትንሽ ትረዝማለች» ብሎ ምክር ሰጥቶ ይመለሳል? ሁለት ወንዶች ተቀምጣችሁ እኔ መድረክ ላይ የምለውን ቃል ትመርጡልኛላችሁ? እኔ የምለውን እኔ አውቃለሁ። በዚህ ላይ ገና እታገላችኋለሁ።

ማዘጋጃ ቤት ሄደን ቀን አስያዝን፣ የጥር መጨረሻ ሐሙስ ጠዋት። የመዝገብ ጸሐፊዋ ቀና ሳትል «በሙሽራዋ በኩል ምስክር?» አለችኝ። ስምህን ነገርኳት። «ምንሽ ነው?» አለች። ዋርሳዬ ልል አፌን ከፈትኩ። የሟች ባሌ ወንድም ልል። ሰዓት ሠሪው አጠገቤ ቆሟል፣ ከኋላችን ሰልፍ አለ፣ ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን እያንኳኳች «ቶሎ በይ እንጂ እናት» ትለኛለች። ንዴቴ መጣ።

«ወንድሜ ነው» አልኳት። «እንደ ወንድሜ አይደለም፣ ወንድሜ! እንደሱ ብለሽ ጻፊው።»

ጻፈችው። እንግዲህ የዚያን ሐሙስ ጠዋት እንዳታረፍድ።

እትዬህ